የአርሊንግተን ቤት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣባቸው ከሚያሳዩአቸው ቦታዎች አንዱ የአርሊንግተን ብሔራዊ መቃብር ነው። እንግዳው የፕሬዚዳንት ኬኔዲን መቃብር አይቶ ቀና ሲል ኮረብታው አናት ላይ ግዙፍ ዓምዶች ያሉት ቤት ያያል፤ «የማን ቤት ነው?» ብሎም ይጠይቃል። መልሱ አጭር አይደለም። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (1861–1865) በፊት በደቡብ ከተሠሩት ትልልቅ ቤቶች መካከል የዚህን ያህል ታሪክ የተጠላለፈበት ጥቂት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቤቱን ማን አሠራው?

ጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክ ከስቲስ (1781–1857) የተባለ የቨርጂኒያ ባለርስት ነው። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የጆርጅ ዋሽንግተን ሚስት ማርታ፣ ዋሽንግተንን ያገባችው ባሏ ሞቶባት፣ ልጆች ይዛ ነበር፤ ከስቲስ የዚያ የመጀመሪያ ትዳር የልጅ ልጅ ነው። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ስለሞተ ዋሽንግተንና ማርታ በማውንት ቨርነን ቤታቸው እንደ ልጃቸው አሳደጉት። ማርታ በ1802 ስትሞት ማውንት ቨርነን ለዋሽንግተን የወንድም ልጅ ተላለፈ። ሃያ አንድ ዓመት የሞላው ከስቲስ ግን ከአባቱ የወረሰው 1,100 ኤከር መሬት ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ይጠብቀው ነበር። 445 ሔክታር ያህል ማለት ነው፤ በድሮው የእኛ አለካክ አሥራ አንድ ጋሻ ገደማ።

ከስቲስ ላሳደገው ሰው የነበረው ፍቅር ከአምልኮ የሚተናነስ አልነበረም። ቤቱን ሲያስብ መኖሪያም፣ የዋሽንግተን መታሰቢያም እንዲሆን ነበር ያቀደው። የዋሽንግተንን የጦር ሜዳ ድንኳን፣ ሥዕሎቹን፣ የገበታ ዕቃዎቹን፣ ነፍሱ የወጣችበትን አልጋ ሳይቀር ሰብስቦ አስቀመጠበት፤ ለእንግዳም ያሳይ ነበር። ሥፍራውን መጀመሪያ «ማውንት ዋሽንግተን» ብሎት ነበር፤ በኋላ በቤተሰቡ የቀድሞ ርስት ስም አርሊንግተን አለው። ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበት የአርሊንግተን አውራጃም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቤት ነው፤ እስከ 1920 ድረስ አውራጃው አሌክሳንድሪያ ይባል ነበር።

ለምን እንደ ግሪክ ቤተ መቅደስ ተሠራ?

ንድፉን የሠራው ጆርጅ ሃድፊልድ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። ይህ ሰው በ1795 አሜሪካ የመጣው የኮንግረሱን ሕንፃ፣ የካፒቶልን ግንባታ እንዲቆጣጠር ተቀጥሮ ነበር፤ ከአለቆቹ ጋር ባለመስማማቱ ከሦስት ዓመት በኋላ ከሥራው ተሰናበተ። በዚያ ዘመን የተማሩ አውሮፓውያን የጥንት ግሪክን ቤተ መቅደሶች በሥዕልና በልኬት እያጠኑ የሚመለሱበት ጊዜ ነበር። አዲሲቱ የአሜሪካ ሪፐብሊክ ደግሞ ራሷን የአቴና ዴሞክራሲና የሮም ሪፐብሊክ ወራሽ አድርጋ ማየት ትወድ ነበር። ከስቲስም ሪፐብሊኩን ለመሠረተው ሰው መታሰቢያ ሲያቆም ከዚህ የተሻለ መልክ አልታየውም። የአርሊንግተን ቤት በአሜሪካ የግሪክን ጥንታዊ አሠራር ከቀዱት የመጀመሪያዎቹ መኖሪያ ቤቶች አንዱ ነው።

ሥራው በአንድ ጊዜ አላለቀም። ከስቲስ ብዙ መሬትና ብዙ ባሪያዎች ነበሩት፤ ጥሬ ገንዘብ ግን ያጥረው ነበር። በ1802 የሰሜኑ ክንፍ ተሠራ፤ እሱም እዚያው መኖር ጀመረ። በ1804 የደቡቡ ክንፍ ተከተለ፤ በዚያው ዓመት ሜሪ ሊ ፊትዝሂዩን አገባ። ከዚያ በኋላ ባልና ሚስቱ ሁለቱ ክንፎች ተነጣጥለው እንደቆሙ ከአሥር ዓመት በላይ ኖሩ። መካከለኛው ክፍልና የታወቀው ባለዓምድ በረንዳ በ1818 ተፈጸመ።

በረንዳው ስምንት ዓምዶች አሉት፤ ስድስቱ በፊት ለፊት በረድፍ የቆሙ ሲሆን ሁለቱ ከኋላቸው ናቸው። አሠራራቸው ዶሪክ የሚባለው ነው፤ ከግሪክ ዓምዶች ሁሉ ወፍራሙና ጌጥ የሌለው። የእያንዳንዱ ዓምድ ስፋት ከሥሩ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል። ከላያቸው ባለሦስት ማዕዘን ግንባር ተቀምጧል። በረንዳው ላይ ለሚቆም ሰው ዓምዶቹ ከቤቱ ልክ በላይ የገዘፉ ይመስሉታል፤ ትዝብቱም ትክክል ነው። ሃድፊልድ ዓምዶቹን የለካው በረንዳ ላይ ለሚቆም እንግዳ ብቻ አልነበረም። ቤቱ ከወንዙ ማዶ፣ ገና በመገንባት ላይ ከነበረችው ዋና ከተማ እንዲታይ ነበር የታቀደው፤ ከዚያ ርቀት ቀጭን ዓምድ ከዓይን ይጠፋል። ወደ ከተማው የማይታየው የቤቱ ጀርባ ግን ያለ አንዳች ጌጥ ተትቷል። በእኔ እምነት የዚህ ዓይነቱን ቤት ባሕርይ ከጀርባው የበለጠ የሚገልጽ ነገር የለም። ፊቱ የተሠራው ለተመልካች ሲሆን በጀርባው ግቢ ባሪያዎቹ ይኖሩ ነበር።

ዓምዶቹ እብነ በረድ ናቸው?

አይደሉም። ጡብ ናቸው። ቤቱ ሁሉ ከጡብ ተሠርቶ በልስን ተሸፈነ፤ ልስኑ ላይ የተጠረበ ድንጋይ የሚያስመስል መስመር ተሰመረበት፤ ከዚያ እብነ በረድና ድንጋይ እንዲመስል ተቀባ። ጡቡ ከርስቱ አፈር የተጋገረ፣ እንጨቱም ከርስቱ ደን የተቆረጠ ነው።

ውስጡ ምን ይመስላል?

ከውጭ ሲታይ ቤተ መንግሥት የመሰለው ቤት ውስጡ ሲገቡ ትንሽ ነው፤ ጎብኚዎች ይህን ሁልጊዜ ያነሣሉ። ከፊት በር ተገብቶ መካከለኛ መተላለፊያ ይገኛል፤ ነፋስ ከፊት ወደ ኋላ እንዲያልፍ የደቡብ ቤቶች በሙቀት ምክንያት እንዲህ መሠራታቸው የተለመደ ነበር። ከስቲስ ራሱ ሥዕል ይሞክር ስለነበር የመተላለፊያውን ግድግዳ በአደን ሥዕሎች አስጊጦታል። በአንድ በኩል የቤተሰቡ ሳሎንና የምግብ ክፍል በቅስቶች ተለያይተው ይገኛሉ። በሌላ በኩል ነጩ ሳሎን የሚባለው ክፍል አለ፤ ይህ ክፍል ገንዘብ ጠፍቶ ሳያልቅ ለብዙ ዓመታት የቆየ ሲሆን በ1855 ገደማ በከስቲስ አማች እጅ ተጠናቀቀ። መኝታ ቤቶቹ ፎቅ ላይ ናቸው። የክረምቱ ማድ ቤት በሰሜኑ ክንፍ ምድር ቤት ይገኛል።

በባርነት የነበሩት ሰዎች የት ይኖሩ ነበር? ስንት ነበሩ?

ከስቲስ ሲሞት በሦስቱ ርስቶቹ ላይ 200 የሚጠጉ ሰዎች በንብረትነት ተመዝግበው ነበር፤ ከነዚህ 63ቱ በአርሊንግተን ይኖሩ ነበር። ብዙዎቹ የዘር ሐረጋቸው ከማውንት ቨርነን ከማርታ ዋሽንግተን ባሪያዎች ይመዘዛል። ጡቡን የጋገሩ፣ ግንዱን የጣሉ፣ ልስኑን የለሰኑ፣ ከዚያም ቤቱን ለስድሳ ዓመታት ያገለገሉ እነሱ ናቸው። ከስቲስ አሠራው ሲባል ማዘዙን ማለታችን ነው።

አብዛኞቹ በወንዙ በኩል፣ በእርሻው አጠገብ በግንድ ጎጆዎች ይኖሩ ነበር፤ እነዚያ ጎጆዎች ዛሬ የሉም። በቤቱ ጀርባ ግን የጓሮውን ግቢ ግራና ቀኝ የያዙ ሁለት ሕንፃዎች ቆመዋል። በሰሜኑ በኩል የበጋ ማድ ቤትና የወጥ ቤቱ ሰው ክፍል ነበር። በደቡቡ በኩል ሥጋ በጢስ የሚደርቅበት ክፍል፣ ዕቃ ማስቀመጫ፣ እንዲሁም የሴሊና ግሬይና የባለቤቷ የቶርንተን መኖሪያ ነበር። ባልና ሚስቱ ከስምንት ልጆቻቸው ጋር ይኖሩ የነበረው በአንዲት ክፍል ነው። ሕንፃዎቹ ከውጭ ሲታዩ ከዋናው ቤት ጋር እንዲሄዱ ተለስነውና ተሽሞንሙነው ተሠርተዋል። የእንግዳ ዓይን እንዳያዝን የተደረገ ጥንቃቄ ነው፤ ውስጥ ለሚያድሩት አሥር ሰዎች ግን ልስኑ አንድ ክንድ ቦታ አልጨመረላቸውም።

ማሪያ ሳይፋክስ ማን ነበረች?

የከስቲስ ልጅ ናት። እናቷ ኤሪያና ካርተር የማርታ ዋሽንግተን ባሪያ ነበረች፤ የማሪያ ልደት ከስቲስ ከማግባቱ በፊት ነው። ከስቲስ ከሚስቱ በሕይወት የቀረችለት አንዲት ልጅ ሜሪ ስለነበረች፣ በዚያ ቤት ውስጥ ሁለት እህትማማቾች አደጉ፤ አንዷ እመቤት፣ ሌላዋ የእመቤቷ አገልጋይ።

ማሪያ በ1821 የምግብ ክፍሉን የሚመራውን ቻርልስ ሳይፋክስን አገባች፤ ሠርጉ በራሱ በዋናው ቤት ሳሎን እንደተደረገ ይተረካል። ከስቲስ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ እሷንና ልጆቿን ነፃ አወጣ፤ ከርስቱ ጥግም 17 ኤከር ሰጣት። በጽሑፍ የተላለፈ ውል ግን አልነበረም። ስለዚህ ርስቱ በጦርነቱ ጊዜ ሲወረስ የማሪያም መሬት አብሮ ተወሰደ። ልጇ ዊልያም ሳይፋክስ በዋሽንግተን የመንግሥት ሠራተኛ፣ በኋላም ለጥቁሮች ትምህርት ቤቶች ብዙ የደከመ ሰው ነበር። የእናቱን ጉዳይ ይዞ ኮንግረስ ድረስ ሄደ፤ በ1866 በወጣ ሕግም መሬቱ ተመለሰላት። በዚያ ዘመን በባርነት የተወለደች ሴት በሕግ መሬቷን ከፌዴራል መንግሥት እጅ ስታስመልስ ማየት ብርቅ ነው። ዘሮቿ ዛሬም አሉ፤ ቤቱ ታሪካቸውን በግልጽ እንዲናገር ለዓመታት የወተወቱትም እነሱ ናቸው።

ቤቱ የጄኔራል ሮበርት ሊ አልነበረም?

ሊ በእርስ በርሱ ጦርነት ባርነትን ይዘው የተገነጠሉትን የደቡብ ግዛቶች ጦር የመራ ጄኔራል ነው። ኖሮበታል፤ ባለቤቱ ግን ሆኖ አያውቅም። ሊ የከስቲስን ልጅ ሜሪን ሰኔ 30 ቀን 1831 በዚሁ ቤት ሳሎን አገባ፤ ከሰባቱ ልጆቻቸው ስድስቱ የተወለዱት እዚህ ነው። ወታደር ስለነበር ብዙውን ጊዜ ያሳለፈው ከቤት ርቆ ነው። ከስቲስ በ1857 ሲሞት በኑዛዜው ቤቱን ለሜሪ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ፣ ከእሷ በኋላም ለበኩር ልጇ ለከስቲስ ሊ ሰጠ። ሊ የኑዛዜው አስፈጻሚ ሆነ።

ሊ ለባሪያዎቹ ደግ ነበር ይባላል። እውነት ነው?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቁን ብዙ ናቸው፤ መልሱን በሰነድ መናገር ይሻላል።

የከስቲስ ኑዛዜ ባሪያዎቹ ሁሉ ቢበዛ በአምስት ዓመት ውስጥ ነፃ እንዲወጡ ያዝዛል። በዚያው ኑዛዜ ደግሞ ለአራቱ ሴት የልጅ ልጆቹ ለእያንዳንዳቸው 10,000 ዶላር ተናዟል። ርስቱ በዕዳ ተይዞ ስለነበር ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ አልተጻፈም። ሊ ከሠራዊቱ ፈቃድ ወስዶ መጣና ርስቱን ለማስተካከል ተነሣ። መንገዱም ሰዎቹን አጥብቆ ማሠራት፣ የቀሩትንም ለሌሎች ባለርስቶች ማከራየት ነበር። በዚህም ቤተሰቦች ተለያዩ። ከአምስቱ ዓመት በላይ እንዲያቆያቸውም ፍርድ ቤት ጠየቀ፤ አልተፈቀደለትም።

ባሪያዎቹ በበኩላቸው ከስቲስ በሞተ ዕለት ነፃ እንደሚሆኑ ያምኑ ነበር፤ ከራሱ አፍ የሰሙ መሆናቸውንም ይናገሩ ነበር። ዌስሊ ኖሪስ፣ እህቱ ሜሪና አንድ የአጎታቸው ልጅ በ1859 ወደ ሰሜን ኮበለሉ፤ ወደ ፔንሲልቬኒያ ድንበር ሲቃረቡ ሜሪላንድ ውስጥ ተያዙ። ኖሪስ በ1866 በታተመ ምስክርነቱ እንደገለጸው ሊ ወንዶቹ አምሳ አምሳ፣ እህቱም ሃያ ጅራፍ እንዲገረፉ አዘዘ፤ ቁስላቸውም በጨው ውኃ ታጠበ። ሊ በደብዳቤ አስተባብሏል። ሆኖም መኮብለላቸው፣ መያዛቸውና ከዚያ በኋላ ከርስቱ ርቀው መከራየታቸው በሌሎች መዛግብትም የሚታይ ነው። እኔ የኖሪስን ቃል አምናለሁ።

በአንጻሩ ሜሪ ሊና እናቷ፣ የቨርጂኒያ ሕግ የሚከለክለውን ጥሰው፣ አንዳንድ ባሪያዎችን ማንበብና መጻፍ እንዳስተማሩ የታወቀ ነው። ዊልያምና ሮዛቤላ በርክ የተባሉ ባልና ሚስትም ነፃ ወጥተው በ1853 ወደ ላይቤሪያ ሄደዋል። እነዚህን ነገሮች መካድ አይገባም፤ የባርነቱን መልክ ግን አይለውጡትም።

ሊ የነፃነቱን ወረቀት በመጨረሻ የፈረመው ታኅሣሥ 29 ቀን 1862፣ የኑዛዜው አምስት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። የፕሬዚዳንት ሊንከን የባሪያዎች ነፃነት አዋጅ የጸናው ከሦስት ቀን በኋላ ነበር።

ጦርነቱ ሲጀመር በቤቱ ምን ሆነ?

ሚያዝያ 1861 ላይ ሊ የአሜሪካ ሠራዊት ኮሎኔል ነበር፤ የሰሜኑን ጦር እንዲመራም ተጠይቆ ነበር። ሚያዝያ 20 በዚህ ቤት የመልቀቂያ ደብዳቤውን ጻፈ፤ በ22 ወደ ቨርጂኒያ ዋና ከተማ ወደ ሪችመንድ ሄደ፤ ዳግመኛ አልኖረበትም። ሜሪም በግንቦት ለቀቀች። ግንቦት 24 ንጋት ላይ የሰሜኑ ጦር ወንዙን ተሻግሮ ኮረብታውን ያዘ፤ ምክንያቱም ከዚያ ላይ የተተከለ መድፍ ዋይት ሐውስን መምታት ይችላል።

ሴሊና ግሬይ ምን አደረገች?

ሜሪ ሊ ስትሄድ የቤቱን ቁልፎች የሰጠቻት ለሴሊና ነው። ወታደሮች ቤቱን ሞልተውት ሳለ ሴሊና የዋሽንግተን ቅርሶች እየጠፉ መሆኑን ደረሰችበት። ዝም አላለችም፤ ወታደሮቹን ተቆጣች፣ ቀጥሎም አዛዡን ጄኔራል ኧርቪን ማክዶዌልን አግኝታ የጠፋውን እየዘረዘረች ነገረችው። የቀሩት ዕቃዎች ወደ ዋሽንግተን ተወስደው በፓተንት ቢሮ እንዲጠበቁ ተደረገ። ዛሬ ሙዚየም ውስጥ የምናያቸው አንዳንድ የዋሽንግተን ንብረቶች የተረፉት፣ በሕግ ራሷ እንደ ንብረት ትቆጠር በነበረች ሴት ትጋት ነው። በ2014 ሴሊና ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር የተነሣችው ፎቶግራፍ እንግሊዝ አገር በኢንተርኔት ለጨረታ ቀርቦ ተገኘ፤ ተገዝቶም ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ግቢው እንዴት መቃብር ሆነ?

በ1862 የወጣ ሕግ በዐመፀኞቹ ግዛቶች ባለርስቶች የመሬት ግብር እንዲከፍሉ አዘዘ። የአርሊንግተን ግብር 92 ዶላር ከ7 ሳንቲም ነበር። ሜሪ ሊ በሕመም መንቀሳቀስ ስለማትችል ዘመዷን ልካ ልትከፍል ብትሞክር ሰብሳቢዎቹ የርስቱ ባለቤት ራሷ ካልቀረበች አንቀበልም አሉ። ጥር 11 ቀን 1864 ርስቱ ለጨረታ ቀረበ፤ መንግሥት በ26,800 ዶላር ገዛው።

በዚያው የጸደይ ወራት የቨርጂኒያ ውጊያ በረታ፤ በዋሽንግተን ያሉ የወታደር መቃብሮች ሞሉ። ግንቦት 13 ቀን 1864 ዊልያም ክሪስትማን የተባለ የፔንሲልቬኒያ ተራ ወታደር በግቢው ጥግ ተቀበረ፤ የመጀመሪያው እሱ ነው። በሰኔ ቦታው በይፋ ብሔራዊ መቃብር ተባለ። የሠራዊቱ ስንቅና ትጥቅ አዛዥ ሞንትጎመሪ ሜግስ ግን በጥግ መቅበሩ አላረካውም። የደቡብ ተወላጅ ሆኖ ለሰሜን የታመነ፣ ሊን እንደ ከሃዲ የሚያይ ሰው ነበር። መኮንኖች በቤቱ ደጃፍ፣ በሜሪ ሊ የጽጌረዳ አትክልት ዙሪያ እንዲቀበሩ አደረገ፤ የሊ ቤተሰብ ተመልሶ እንዳይኖርበት ማለት ነው። በ1866 ደግሞ ከጦር ሜዳ የተሰበሰበ፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ የ2,111 ወታደሮች አፅም በአትክልቱ አጠገብ በአንድ መቃብር ተቀመጠ። ዛሬ በጠቅላላው ከ400,000 በላይ ሰዎች በዚህ መቃብር አርፈዋል።

የነፃ ወጪዎች መንደር የተባለው የት ነበር?

በርስቱ ደቡባዊ ክፍል። ከባርነት አምልጠው ወደ ዋሽንግተን ለተሰደዱ ሰዎች መንግሥት በ1863 መጨረሻ የከፈተው ሰፈር ነው፤ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታልና የጸሎት ቤት ነበረው። ባርነትን በመቃወም የታወቀችው ሶጆርነር ትሩዝ በ1864 እዚያ አገልግላለች። ለጊዜው ተብሎ የተሠራው መንደር ከሠላሳ ዓመታት በላይ ቆየ፤ በ1900 ፈጽሞ ተዘጋ፤ ነዋሪዎቹም ወደ አካባቢው ሰፈሮች ተበተኑ። ዛሬ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶችና ካፌዎች በሚገኙበት በኮሎምቢያ ፓይክ ጎዳና የሚያልፍ ሰው ከመቃብሩ አጠገብ በመንደሩ ስም የተሰየመ ድልድይ ያገኛል። በመቃብሩ ክፍል 27 ደግሞ ከ3,800 በላይ የነፃ ወጪዎች መቃብሮች አሉ። ብዙዎቹ ድንጋዮች ላይ ከስም ቀጥሎ «ዜጋ» ወይም «ሲቪል» የሚል ተጽፏል። ብዙ ጎብኚዎች ይህን ክፍል ሳያዩ ይመለሳሉ፤ እባክዎ እርስዎ ይዩት።

የሊ ቤተሰብ አልከሰሰም?

ከሷል፤ ረትቷልም። ወራሹ ከስቲስ ሊ ጉዳዩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አደረሰ፤ በ1882 ፍርድ ቤቱ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ መንግሥት ርስቱን ያለ ሕግ መያዙን ወሰነ። ሺዎች የተቀበሩበትን መሬት መልሶ ማስረከብ ስለማይቻል በ1883 ኮንግረስ 150,000 ዶላር ከፍሎ ገዛው። ርስቱን በመንግሥት ስም የተረከበው የጦር ሚኒስትር ሮበርት ሊንከን ነበር፤ የአብርሃም ሊንከን ልጅ።

ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኅዳር 1963 ለፕሬዚዳንት ኬኔዲ ቀብር መጥተው ከሻርል ደ ጎልና ከሌሎች የአገር መሪዎች ጋር በዚህ ቤት ሥር ባለው ተዳፋት ቆመዋል። የኬኔዲ መቃብር የሚገኘው ከቤቱ በታች በቀጥታ መስመር ላይ ነው። ኬኔዲ በዚያው ዓመት መጋቢት ቤቱን ጎብኝቶ፣ በዕይታው ተደንቆ እዚህ ለዘላለም መቆየት ይቻላል ማለቱ ይነገራል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኬኔዲ ስም የተሰየመውን ቤተ መጻሕፍት የሚያውቁ እንግዶች ከዚህ ቦታ በቶሎ አይነሡም።

ዛሬ የምናየው ምን ያህሉ የድሮው ነው?

ግድግዳው፣ ዓምዶቹና የክፍሎቹ አቀማመጥ የድሮው ናቸው። ከጦርነቱ በኋላ ግን ቤቱ ለብዙ ዓመታት የመቃብሩ አስተዳደር ቢሮ ስለነበር ዕቃው ሁሉ ተበትኖ ነበር። በ1925 ኮንግረስ እንዲታደስ ፈቀደ። አዳሾቹ የቱ ክፍል ለምን ያገለግል እንደነበር፣ ምን የት እንደተቀመጠ የሚነግራቸው ሰው ሲፈልጉ፣ የሴሊና ግሬይን ሴት ልጆች አገኙ። ቤቱን እየጠረጉ ያደጉ ሴቶች ናቸው፤ አንድ በአንድ አስታወሱ። ጀምስ ፓርክስ የተባለ ሽማግሌም የግቢውን ጉድጓዶች፣ መንገዶችና የባሪያ መቃብሮች አመለከተ። ፓርክስ በርስቱ ላይ በባርነት ተወልዶ፣ በ1864 የመጀመሪያዎቹን መቃብሮች የቆፈረ ሰው ነው። በ1929 ሲሞት በልዩ ፈቃድ በዚያው ተቀበረ፤ በዚያ መሬት ተወልዶ በመቃብሩ ያረፈ ብቸኛው ሰው እሱ ነው። የቤቱ ዕድሳት የቆመው በእነዚህ ሰዎች ትዝታ ላይ ነው።

በ2011 የመሬት መንቀጥቀጥ ቤቱን ሰነጣጠቀው። በ2014 ባለሀብቱ ዴቪድ ሩበንስታይን 12.35 ሚሊዮን ዶላር ለገሠ፤ ቤቱ ከ2018 ጀምሮ ተዘግቶ ተጠግኖ ሰኔ 2021 ተከፈተ። በዚህ ዕድሳት የባሪያዎቹ መኖሪያዎች ከዋናው ቤት እኩል ትኩረት አግኝተዋል።

ስሙ ለምን ያከራክራል?

ቤቱ በ1955 በሕግ የሊ መታሰቢያ ሆነ፤ ከ1972 ጀምሮም ሙሉ ስሙ «የአርሊንግተን ቤት፣ የሮበርት ኢ. ሊ መታሰቢያ» ነው። በባርነት ከነበሩት ሰዎች ዘሮች ብዙዎች የሊ ስም እንዲነሣ ጠይቀዋል፤ በኮንግረስም ረቂቅ ሕግ ቀርቧል። የአርሊንግተን አውራጃ ደግሞ የቤቱን ዓምዶች ያሳይ የነበረውን ዓርማውን በ2021 ቀይሯል። ቤቱን ከስቲስ ለዋሽንግተን ሠራው፤ ባሪያዎች ገነቡት፤ ሊ ደግሞ በሕግ ባለቤቱ ያልሆነ አማች ነበር። በእኔ በኩል የአንድ ሰው ስም ብቻ መሸከሙ ለቤቱ ታሪክ አይመጥንም እላለሁ።

የደቡብ ሰዎች ሁሉ በእንዲህ ያለ ቤት ይኖሩ ነበር?

በጭራሽ። በ1860 ባርነት በተፈቀደባቸው ግዛቶች ባሪያ የነበራቸው ነጭ ቤተሰቦች ከአራት አንድ ያህል ነበሩ፤ ከእነሱም አብዛኞቹ ተራ የእንጨት ቤት ነበራቸው። ባለዓምድ ቤት የጥቂት ሀብታሞች ነው። በዚያ ዓመት ወደ አራት ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች በባርነት ይኖሩ ነበር።

ሌሎች ሊታዩ የሚገባቸው ቤቶች አሉ?

ሉዊዚያና ውስጥ ያለው ዊትኒ በ2014 ሙዚየም ሆኖ ሲከፈት ታሪኩን በባሪያዎቹ ሕይወት ላይ አተኩሮ መናገር ጀመረ፤ አንድ ብቻ ማየት ለሚችል ሰው የምመክረው ይህን ነው። ሚሲሲፒ ውስጥ በናቼዝ ከተማ ሎንግዉድ የሚባል ባለስምንት ማዕዘን ቤት አለ፤ ጦርነቱ ሲነሣ የሰሜን ሠራተኞች መሣሪያቸውን ጥለው ስለሄዱ ምድር ቤቱ ብቻ አልቆ ላዩ እስከ ዛሬ ባዶ ቀርቷል። በ1859 የተሠራው የሉዊዚያናው ኖቶዌይ ግን ግንቦት 2025 በእሳት ወድሟል።

ለመጎብኘት ምን ማወቅ ያስፈልጋል?

መግቢያ በነፃ ነው። ቤቱን የሚያስተዳድረው የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት፣ መቃብሩን የሚያስተዳድረው ደግሞ ሠራዊቱ ነው፤ ስለዚህ መግቢያው ላይ ፍተሻ አለ። በባቡር የሚመጡ ሰማያዊውን መስመር ይዘው አርሊንግተን መቃብር ጣቢያ ይውረዱ። ወደ ቤቱ የሚወስደው ዳገት ነው፤ እናት አባትዎን ይዘው ከመጡ በግቢው ውስጥ የሚሽከረከረውን የጎብኚዎች ተሽከርካሪ ቲኬት ቢገዙላቸው ይሻላል። ቀብር ብዙ ጊዜ ስለሚፈጸም ልጆች እንዳይጮሁ አስቀድመው ይንገሯቸው። ሲደርሱ ከፊት ከመግባትዎ በፊት በጀርባ ዞረው የግሬይ ቤተሰብን ክፍል ይዩ፤ ለዋናው ቤት ከመሰለፍዎ በፊት እዚያ ሩብ ሰዓት ያህል ቢቆዩ ይበቃል።